«ሻረ»፣ «ፈታ»፣ «አከሸፈ» ወይስ «አገደ»?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን፣ በዳይስና በትረካ የሚካሄደውን የምናብ ጨዋታ በአማርኛ የምንጫወት ጓደኛሞች ነን። የሌላውን ድግምት ለሚያጠፉ ድግምቶች ሁሉ «መሻር» የሚለውን ቃል ብቻ ስንጠቀም ቆይተናል። በቅርቡ ግን ጠላት የእሳት ኳስ ሊወረውር እጁን ሲያነሣ አንዷ ተጫዋች «ሻርኩት!» ብትል፣ የጨዋታው መሪ «ገና ያልሆነ ነገር እንዴት ይሻራል?» ብሎ አስቆማት። ምን ማለት ነበረባት?

መልስ፦ መሪው ልክ ናቸው። ሹመት ይሻራል፣ አዋጅ ይሻራል፤ ያልተሾመ ሰው ግን አይሻርም። ተጫዋቿ የተጠቀመችበት ድግምት፣ በ2014ቱ አምስተኛ እትም ደንብ መሠረት፣ በ60 ጫማ ርቀት ውስጥ የምታየው ሰው ድግምት ሲጀምር በቅጽበት ጣልቃ ገብታ የምታስቀርበት ነው። ሤራም ሆነ መፈንቅለ መንግሥት ከግቡ ሳይደርስ ሲቀር «ከሸፈ» እንደሚባል ሁሉ፣ እዚህም «አከሸፍኩት» ማለት ይገባት ነበር።

አስቀድሞ የተደረገውንና ጸንቶ ያለውን ድግምት ለሚያጠፋው ግን እኔ «መፍታት»ን እመርጣለሁ። በአገራችን መተት «ይፈታል» ይባላል፤ በግእዝ የክታብ ጥቅልሎችም ላይ «መፍትሔ ሥራይ» የሚባል የታወቀ የጸሎት ዓይነት አለ፤ ስለዚህ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ወርዶ «ተፈታልኝ» የሚል ሰው ቋንቋና የጥንቱ ጽሑፍ በአንድ ቃል ይገናኛሉ። ይህ የመፍቻ ድግምት እስከ 3ኛ የኃይል ደረጃ ያለውን ድግምት ያለ ፈተና ይፈታል፤ ከዚያ በላይ ላለው ግን በባለ 20 ገጽ ዳይስ የወጣው ቁጥር ከተጫዋቹ የድግምት ችሎታ ጭማሪ ጋር ተደምሮ፣ ከ10 እና ከሚፈታው ድግምት ደረጃ ድምር ማነስ የለበትም፤ ለ5ኛ ደረጃ ድግምት 15 ማለት ነው። ቃሉ ደንቡንም ያስረዳል፤ የእሳት ኳስ አንዴ ፈንድቶ ካቃጠለ በኋላ ጸንቶ የቆየ ድግምት ስለሌለ የሚፈታ ነገር አይኖርም።

አስተያየት፦ በእኛ በመንዝ በኩል የመድኃኒትም የመተትም ማፍረሻ «ማርከሻ» ይባላል። ለምን ተዘነጋ?

መልስ፦ ውብ ቃል ነው፤ እንዲጠፋም አልፈልግም። ነገር ግን ማርከሻ የሚጠጣ፣ የሚቀባ ወይም የሚታጠን ነገር ነው፤ ከላይ ያነሣነው መፍቻ ግን በቃልና በእጅ ምልክት ብቻ ይፈጸማል እንጂ ዕቃ አይሻም። ስለዚህ ማርከሻን በጨዋታው ውስጥ ለመርዝ መድኃኒት ብናቆየው ይሻላል።

ይልቅ ብዙ ሰው የሚስተው አስማትን የሚያግደውን የ8ኛ ደረጃ ድግምት ነው። ይህ ድግምት በባለቤቱ ዙሪያ በ10 ጫማ ክልል፣ እስከ 1 ሰዓት፣ አስማትን ያስቆማል፤ አያጠፋም ግን። ክልሉ ሲነሣ የታገደው ድግምት ቀሪ ጊዜ ካለው ተመልሶ ይሠራል፤ በእግድ ላይ ሳለ ያለፈው ጊዜም ይቆጠርበታል። «መሻሪያ ክልል» ብሎ የሚተረጉም ሰው ተጫዋቹን ያሳስታል፤ «የእግድ ክልል» ይባል።

አስተያየት፦ እርግማንስ?

መልስ፦ እርግማን ከሰው ላይ «ይነሣል»። የተረገመ ሰይፍ ከሆነ ግን እርግማን የሚያነሣው ድግምት ሰይፉን ከባለቤቱ ጋር ያቆራኘውን ትስስር ብቻ ይበጥሳል፤ እርግማኑ በሰይፉ ላይ ይቀራል። ስለዚህ «ተላቀቀ» እንጂ «ተነሣ» አትበሉ፤ ያለዚያ ሌላው ተጫዋች ሰይፉ ነጽቷል ብሎ ያነሣዋል።