ሁለት ዓይነት በቆሎ በአንድ ማሳ፤ የሥሩ አፈር ለምን ተለያየ?

የቀርሳው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ፣ ቀርሳ ነኝ። ዘንድሮ ግማሽ ማሳዬን ቢኤች-661 የሚባለውን ዲቃላ በቆሎ፣ ግማሹን አባቴ ከዓመት ዓመት የሚያስቀምጠውን የአገር ዘር በቆሎ ዘራሁበት። ማዳበሪያው እኩል፣ የተዘራውም በአንድ ቀን። አሁን አገዳውን ስነቅል የአገር ዘሩ ሥር አፈር ጠቅልሎ ይወጣል። የዲቃላው አንዴ ሲራገፍ ባዶውን ይቀራል። ዝርያ አፈር ይቀይራል እንዴ? በሚቀጥለው ክረምት ጤፍ ልዘራበት አስቤያለሁ።

አፈር ወዳዷ፦
ይቀይራል። ሥር መጠጣት ብቻ አይደለም ሥራው፤ ስኳር፣ አሲድና ዝልግልግ ነገር ወደ አፈሩ ያፈሳል። ያንን ሊበሉ ረቂቅ ተህዋስያን ይሰበሰባሉ። የሥር ፀጉሩ ረጅምና ጥቅጥቅ ያለ ዝርያ ደግሞ አፈሩን ይዞ አይለቅም። ብቻ ይሄ ሁሉ ከሥሩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሳይርቅ የሚሆን ነገር ነው። ማሳው ሁሉ በአንድ ክረምት ሌላ አፈር አይሆንም።

የኛ ቀይ አፈር አሲዳማ ነው። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲወርድ አሲዱ ይብሳል) ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ያቀጭጨዋል። አንዳንድ የስንዴ ዝርያ ከሥሩ ጫፍ ማሌት ይለቃል፤ አንዳንድ ማሽላና በቆሎ ደግሞ ሲትሬት። እነዚህ አሲዶች አሉሚኒየሙን ይዘው ያስሩታል። ይህን የማይችል ዝርያ ግን እዚያው አፈር ላይ ሥሩ አጭር ሆኖ ይቀራል።

የሶኮሩ ማሽላ፦
አቀንጭራንም አትርሱ፤ የማሽላን ሥር የምትመጥ ጥገኛ አረም ናት። አፈር ውስጥ የተኛውን ዘሯን የሚቀሰቅሳት ከማሽላ ሥር የሚወጣው ነገር ነው። እዚሁ ጅማ እርሻ ትምህርት ቤት የተማሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ አቀንጭራን የሚቋቋሙ ማሽላዎችን አውጥተው በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ወስደዋል። ከነዚያ ማሽላዎች ብዙዎቹ መቀስቀሻውን እምብዛም አይለቁም። ከጥያቄው ትንሽ ወጣሁ መሰለኝ፣ ይቅርታ።

ዲኤው፦
ወንድሜ፣ እኔ የግብርና ልማት ሠራተኛ (ዲኤ) ነኝ፤ አትቸኩል። ከአጨዳ በኋላ ያለው ሥር የሞተ ሥር ነው፣ ብዙ አይነግርህም። ደግሞ ቢኤች-661 ዘግይቶ የሚደርስ ነው። ሁለቱን የነቀልካቸው በአንድ ቀን ነው? በመሐል ዝናብ ጥሎ ቢሆንስ?

የቀርሳው፦
በአንድ ቀን ነው። ዝናብም አልነበረም።

የዴዶው ገበሬ፦
ልጄ፣ እኔ እናንተ የምትሉትን አሲድ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። የአባትህ በቆሎ ባለበት በኩል ድሮ ምን ነበር?

የቀርሳው፦
ኧረ አባባ! የከብት በረት ነበር። ካነሳነው 4 ዓመት ሆኖታል።

ዲኤው፦
አባባ ነገሩን ጨረሱት። ፍግ የጠገበ አፈር ምንም ይዘራበት ምን እርስ በርሱ ይያያዛል። ዝርያውም ድርሻ ሊኖረው ይችላል፤ አሁን ግን ሁለቱን መለየት አይቻልም። ወደ በቆሎ ስትመለስ ማሳውን ለሁለት አትክፈለው። 4 መስመር ዲቃላ፣ 4 መስመር የአገር ዘር እያልክ እስከ ዳር አፈራርቅ። በቆሎው ሲያብብ ከየዝርያው 5 ወይም 6 ተክል ከተለያየ ቦታ በአካፋ አውጣ፤ በእጅ አትንቀል፣ ሥሩ ይበጠሳል። ሁሉንም በእኩል አራግፍ። የቀረውን አፈር ባልዲ ውሃ ውስጥ እጠበው፣ አድርቀህ መዝነው። ሥሩንም መዝን። ትልቅ ሥር ብዙ አፈር ቢይዝ አይገርምም፤ የምታወዳድረው ለአንድ ግራም ሥር የደረሰውን አፈር ነው።

አፈር ወዳዷ፦
ለጤፉ ደግሞ ከበረቱ በኩልና ከሌላው በኩል ለየብቻ ናሙና አስመርምር። ብትደባልቀው የደከመው በኩል ይሸፈንብሃል። ኖራ ካስፈለገ መጠኑ ከምርመራው ይወጣል፤ ከመዝራትህ አንድ ወር ያህል ቀድመህ ከአፈሩ ጋር አዋህደው።

የቀርሳው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሚዛኑን ከጎረቤት ሱቅ እለምናለሁ። የቸገረኝ አባቴ ነው፤ «የኔ ዘር አሸነፈ» ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቶ ጨርሷል። የበረቱን ነገር በምን አፌ ልንገረው?