ድሬ የምትወልደው እየቀነሰ ሰዉ ለምንድነው የሚበዛው? (የፖፑሌሽን ጥያቄ፣ ጂኦግራፊ የምታውቁ እርዱኝ)

የሳቢያኗ፦
ሰላም ጀማዓ እንዴት ናችሁ። ፍሬሽማን ነኝ፣ ጂኦግራፊ ላይ የሕዝብ ምዕራፍ ላይ ደርሰን አንድ ነገር አልገባኝ ብሏል። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው በአማካይ ለአገሪቱ 4.6 ነው፣ ሶማሌ ክልል 7.2፣ ሐረሪ 4.1፣ ድሬ 3.1፣ አዲስ አበባ ደግሞ 1.8። በ1992 አገሪቱ 5.5 ነበረች ስለዚህ እየወረደ ነው ማለት ነው። እሺ ታዲያ ድሬ እንዲህ ዝቅ ካለች ሳቢያን በየዓመቱ አዲስ ሰፈር የሚበቅለው ከየት መጥቶ ነው? ታክሲ ሰልፉስ? ሁለተኛ ጥያቄ ደግሞ ዴንሲቲ ለምን ሦስት ዓይነት እንደሚሆን፣ ሰው በመሬት ማካፈል አይደል እንዴ በቃ?

ቲቸር ከሐረር፦
እህቴ ጥሩ ቦታ ላይ ነው የቆምሽው፣ ብዙ ተማሪ ይሄን ሳይጠይቅ ፎርሙላውን ሸምድዶ ይወጣል። 3.1 የሚነግርሽ አንዲት ሴት ስንት እንደምትወልድ እንጂ የምትወልደው ሴት ስንት እንደሆነች አይደለም። በቁጥር እንየው። አያት 6 ወለደች እንበል፣ 3ቱ ሴቶች ናቸው። እነዚህ 3ቱ እያንዳንዳቸው 3 ብቻ ቢወልዱ 9 ልጅ ይመጣል። የወሊድ መጠኑ በግማሽ ወረደ፣ የሚወለደው ሕፃን ግን ከ6 ወደ 9 ወጣ። ይሄ ነው ፖፑሌሽን ሞመንተም የሚባለው፣ ድሮ ብዙ የተወለዱት ሴቶች ዛሬ የመውለጃ ዕድሜ ላይ ስለደረሱ ነው፣ እና ወሊዱ መተኪያ የሚባለው (ልጆች ወላጆቻቸውን ብቻ የሚተኩበት) 2.1 ላይ ቢደርስ እንኳን ሰዉ ለአሥርት ዓመታት መብዛቱን አይተውም። 3.1 ደግሞ ገና ከ2.1 በላይ ነው።

ሞት ላይም ያው ነገር አለ። ከሺህ ሰው በዓመት ስንት ሞተ ብለሽ ብታሰዪ ጃፓን ከኢትዮጵያ በልጣ ትገኛለች። ጃፓን ጤናው ስለባሰ ነው? በፍጹም፣ ሽማግሌው ስለበዛ ነው፣ የኛ አብዛኛው ወጣትና ልጅ ነው። ለዚህ ነው ጥሬውን የሞት መጠን ይዞ ሁለት አገር ማወዳደር የማይቻለው፣ በዕድሜ ተስተካክሎ ወይም በሕይወት የመቆያ ዕድሜ ነው የሚወዳደረው። ማንኛውንም መጠን (rate) ስታዪ መጀመሪያ ከታች የተካፈለበት ማነው ብለሽ ጠይቂ፣ እኔ ክፍል ውስጥ ከዚህ በላይ የምደጋግመው ነገር የለም።

የገንደ ቆሬው፦
ቲቸር ያለው እንዳለ ሆኖ ፍልሰቱን አትርሱት አቦ። አዲስ አበባ 1.8 ሆና፣ ከመተኪያም በታች ማለት ነው፣ እየሰፋች ያለችው በምን ሆነና። ድሬ ራሷ እኮ የተፈጠረችው በፍልሰት ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር ሊገባ ነበር የታሰበው፣ ተራራውን ማስወጣት ከባድ ሆኖ ወጪውም ስለበዛ ከሥሩ ቀረ፣ ታህሳስ 1895 እዚህ ደረሰ፣ ንግዱም ሰዉም ተከትሎት ወረደ፣ አረቡ ግሪኩ ሕንዱ አርመኑ፣ ከሐረርም ከገጠሩም ከየቦታው። ባቡር ጣቢያውና ከዚራ በአንድ በኩል፣ መጋላ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ ከተማው እንዲህ ተተከለ።

ራቨንስታይን የሚባለው ሰውዬ በ1885 እ.ኤ.አ. ስለ ፍልሰት ሕጎች የጻፈውን አንብቢው፣ አብዛኛው ፈላሽ ቅርብ ቦታ ነው የሚሄደው፣ በአጭር ርቀት ደግሞ ሴቶች ከወንዶች ይበዛሉ ይላል። አሁን ድሬ ውስጥ በሰው ቤት የሚሠሩትን ልጆች ከየት መጣሽ ብትያቸው ከሐረርጌ ገጠር የሚሉሽ ብዙ ናቸው። የሚመጣው ደግሞ ወጣት ነው፣ ወጣት ሲመጣ ትዳርና ልጅ ይመጣል፣ ስለዚህ ፍልሰት ሁለት ጊዜ ነው የሚቆጠረው ማለት ይቻላል፣ አንዴ በራሱ አንዴ በሚወልደው።

ቆጣሪው99፦
እኔ በ1999 ቆጠራ ላይ ቆጣሪ ነበርኩ፣ ድሬ አስተዳደር ገጠሩን ጨምሮ 341,834 ሆኖ ነው የወጣው፣ ከዚህ ውስጥ 68 ፐርሰንቱ ከተሜ ነው። አገሪቱ ወደ 74 ሚሊዮን፣ ዕድገቷ በዓመት 2.6 ፐርሰንት። በስንት ዓመት እጥፍ እንደምትሆን ለመገመት 70ን በዕድገቱ ፐርሰንት፣ ማለትም በ2.6 አካፍይ፣ በ27 ዓመት ገደማ እጥፍ ማለት ነው። ከዛ ወዲህ ቆጠራ ስላልተደረገ ዛሬ የምትሰሙት ሁሉ ትንበያ ነው፣ ይሄ እኔን በጣም ያሳስበኛል፣ ትምህርት ቤትና ውሃ በግምት ነው የሚታቀደው።

ዕድሜ መጠየቅ ነበር ትልቁ ሥራ። ትልልቅ ሰዎች 40፣ 50፣ 60 ብለው ነው የሚነግሩሽ፣ 43 የሚል የለም። የዕድሜ ክምችት ይባላል፣ በግራፍ ሲወጣ 0ና 5 ላይ ተሰልፎ ይታያል። ስለዚህ በዘመን እንጠይቅ ነበር። አንዲት እናት መጋላ ውስጥ የልጃቸውን ዕድሜ ሲጠፋባቸው "የሶማሌ ጦርነት ጊዜ ደረቴ ላይ ነበር" አሉኝ፣ ያ 1969 መጨረሻ ነው፣ 30 ዓመት ገደማ ብዬ ጻፍኩ። ቋሚ ነዋሪ ለመባል ደግሞ 6 ወር መኖር ወይ ለመኖር ማሰብ አለበት፣ ጠዋት ታይዋን ገበያ ሸቅጦ ማታ የሚመለሰው የድሬ ሰው ሆኖ አይቆጠርም፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ግን ታገኚዋለሽ።

የሳቢያኗ፦
ወላሂ እግዜር ይስጣችሁ፣ ሞመንተሙ አሁን ገባኝ። ዴንሲቲውንስ?

ቲቸር ከሐረር፦
ሐረሪ ክልል በ1999 ቆጠራ 183,415 ሰው ነበረው፣ ስፋቱ 334 ስኩዌር ኪሎሜትር፣ ሲካፈል ወደ 550። የአገሪቱ በዚያው ዓመት 67 ገደማ ነበር። ይሄ ተራው ዴንሲቲ ነው፣ ሁሉን ሰው በሁሉ መሬት። ግን ከሰዉ ከግማሽ በላዩ ሐረር ከተማ ነው የሚኖረው፣ ጁገል በሚባለው አሮጌው ከተማ ውስጥ ያለው ደግሞ ግማሽ ስኩዌር ኪሎሜትር በማይሞላ ግንብ ውስጥ ነው። ስለዚህ 550ው የጁገልንም የገጠሩን የኤረርንም ኑሮ አይነግርሽም። ፊዚዮሎጂካል የሚባለው ሁሉን ሰው በሚታረስ መሬት ብቻ ያካፍላል፣ ግብፅን በዚህ ስታሰያት ነው ናይል ዳር ምን ያህል እንደተጨናነቀ የሚገባሽ፣ ሌላው በረሃ ነው። አግሪካልቸራል ደግሞ ገበሬውን ብቻ ወስዶ በሚታረሰው መሬት ነው። ይሄ ሦስተኛው ለሐረርጌ ደጋ በጣም ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ልጅ አባቱ መሬት ሲያካፍለው የሚደርሰው ቁራሽ እያነሰ እያነሰ ሄዷል፣ ጫት ወይ ማሽላ የሚለውን የሚወስነውም ድሬ የሚወርደውን ልጅ የሚያወርደውም ይሄው ነው። ፈተና ላይ ሁለት ክልል ሰጥተው አወዳድሪ ካሉሽ ከታች የተካፈለው የትኛው መሬት እንደሆነ ጽፈሽ ጀምሪ።