ወንድሜ ፖሊስ ነው፤ ከሥራ አግደውታል፣ የት ነው የምናመለክተው?

የቧንቧ ውሃዋ (ጠያቂ)፦
ሰላም ጀመዓ። ጉዳዩ የታናሽ ወንድሜ ነው። ኮንስታብል ነው፣ ስድስት ዓመት አገልግሏል። ካለፈው ዓመት ወዲህ እረፍት የሚባል ነገር አያውቅም። በዓል መጥቶ እኛ ቡና አፍልተን ስንጠብቅ እሱ ኬላ ላይ ያድራል። የሚደርበውን ካፖርት እንኳ ከሰኞ ገበያ የገዛችለት እናቴ ናት።

ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጠየቀ። ሦስት ሳምንት አልሞላም፣ «ሥነ ሥርዓት ጥሰሃል፣ መሣሪያህን አስረክብ» አሉት። ደብዳቤ የለ፣ ምን የለ። እንዲሁ በቃል። ሠራተኛ ጉዳይ ብለን ስንሄድ ደግሞ ሰውየው ሁለት መስመር ሳያነብ «ፖሊስ እኛን አይመለከትም» ብሎ ወረቀቱን መለሰልን።

የት እንሂድ? ሌላው ደግሞ፣ አጎታችን «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ፤ ዳኛውን የሚሾመው ምክር ቤቱ፣ ፖሊሱን የሚያዘው መንግሥት፣ ምን ልታገኙ ነው?» ብሎ ወሽመጣችንን ቆረጠው። እውነት ነው?

የኮምቦልቻው፦
አይዞሽ እህቴ። 3 ወር ሳያልፍ ክሰሱ። ለትርፍ ሰዓት ደግሞ 6 ወር አላችሁ። እኔ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ስሠራ ከልክለውኝ አስከፍያለሁ። የሌሊት 1.75፣ የእረፍት ቀን 2፣ የበዓል 2.5 እጥፍ ነው። አስልታችሁ ያዙ።

ጠበቃው፦
ወንድሜ፣ ያልከው ላንተ ልክ ነው። ለእሷ ወንድም ግን አይሠራም፣ እንዳያሳስታት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 3 ላይ የመከላከያና የፖሊስ አባላትን፣ ዳኞችን፣ ዐቃቤ ሕጎችን ከነጭራሹ አውጥቷቸዋል። የሚተዳደሩት በየራሳቸው ልዩ ሕግ ነው። ሰውየው አመል ቢጎድለውም መልሱ ትክክል ነበር።

ስለዚህ 3 ወር አለን ብላችሁ እንዳትዘናጉ። የእናንተን ቀነ ገደብ የሚወስነው የክልሉ ፖሊስ መተዳደሪያ ደንብ ነው፤ እንዲህ ዓይነት የይግባኝ ጊዜ ደግሞ በቀን ሊቆጠር ይችላል። ደንቡን ከሰው ኃይል ክፍል ጠይቁ። ሰኞ ሳይሆን ነገ።

ጡረተኛው ሳጅን፦
ልጄ፣ እኔ ያረጀሁት እዚያው ቤት ነው። ትልቁ ችግራችሁ በቃል መባረሩ ነው። ያልተጻፈ ውሳኔ ላይ ይግባኝ አይባልም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባል የለ? መጀመሪያ «የተሰናበትኩበት ወይም የታገድኩበት ውሳኔ በጽሑፍ ይሰጠኝ» ብሎ ማመልከቻ ያስገባ። ለአለቃው በእጁ እንዳይሰጥ! መዝገብ ቤት ገቢ ያስደርግ፣ ቀሪው ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ይምቱለት። እምቢ ካሉት በፖስታ ቤት በአደራ ይላከው፣ ደረሰኙን ይያዝ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መሣሪያውን ሲያስረክብ ሞዴል 19፣ ማለት የንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ቆርጠውለታል?

የቧንቧ ውሃዋ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያችን ቢጫ ወረቀት ነው የሚሉኝ? ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ተጨማዳ አገኘኋት። የመሣሪያው ቁጥር፣ ቀኑና የንብረት ክፍሉ ፊርማ አለባት።

ጡረተኛው ሳጅን፦
እሷን በላስቲክ ሸፍኚያት! ደብዳቤ ባይኖርም መቼ ከሥራ እንደወጣ የምታሳየው እሷ ናት። ነገ «ራሱ ነው የጠፋው» ቢሉ መልሱ እሷ ላይ አለ። ለትርፍ ሰዓቱ ደግሞ የተረኛ መዝገብ አለ። የተመደበባቸውን ቀኖች ከነቦታው ይጻፍና «መዝገቡ ይቅረብልኝ» ይበል። ኮፒ ልስረቅ እንዳይል ብቻ፣ ያኔ እውነተኛ ክስ ይሰጣቸዋል።

ፊርማ ማሰባሰብም ይቅር። ጓደኞቹ እያንዳንዳቸው በየስማቸው ያመልክቱ። በአንድ ወረቀት አሥር ሰው ሲፈርም ወዲያው «አድማ» ይሆናል።

የሐይቁ፦
ይኼ ነው የሚገርመኝ። ለምን ማኅበር አይኖራቸውም? የደቡብ አፍሪካ ፖሊስ የሠራተኛ ማኅበር አለው እኮ።

ጠበቃው፦
አለው፣ ሥራ ማቆም ግን እዚያም ክልክል ነው። እኛም ስለ መደራጀት መብት የሚናገረውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 87 በ1955 ነው የተቀበልነው። አንቀጽ 9 ግን የፖሊስንና የሠራዊትን ነገር ለየአገሩ ሕግ ትቶታል። በዚያች በር ነው ፖሊሱ ውጭ የቀረው። እኔን ካያችሁኝ፣ ሥራ ማቆም ይከልከል፣ ቅሬታ የሚሰማ ገለልተኛ አካል ግን በምትኩ ይኑር። አለቃህን ለአለቃህ መክሰስ አቤቱታ አይባልም።

አሁን ወደ አጎትሽ ልምጣ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 81 መሠረት የክልሉን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትሉን ርዕሰ መስተዳድሩ ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ይሾማል። ሌሎቹን ዳኞች የሚያቀርበው የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ነው። ለጠቅላይና ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞች የፌዴራሉ ጉባኤም አስተያየት ይጠየቃል፣ በ3 ወር ካልመለሰ ምክር ቤቱ ሹመቱን ያጸድቃል። ስለዚህ አጎትሽ ምክር ቤት ይሾማል ማለታቸው ልክ ነው። ግን አንዴ ከተሾመ፣ በአንቀጽ 79 መሠረት ጉባኤው በዲሲፕሊን ጥፋት፣ በጉልህ የችሎታ ማነስ ወይም በሕመም ምክንያት ካልወሰነና ምክር ቤቱ በአብላጫ ድምፅ ካላጸደቀው አይነሳም።

የሐይቁ፦
ወረቀቱ ጥሩ ነው። በጀቱንስ ማን ይቆርጥለታል? ያው ምክር ቤቱ።

ጠበቃው፦
እውነትህን ነው፣ አልከራከርህም። በፌዴራል ደረጃ በ2013 አዋጅ 1233 ወጥቶ የዳኝነት አስተዳደሩ በአዲስ መልክ ተደራጅቷል። ለእኔ ግን ዋናው ቀዳዳ ከሹመቱ በፊት ያለው ምልመላ ነው። የእጩዎቹ ስም አስቀድሞ ይለጠፍ፣ የፈተና ውጤታቸው ይታይ፣ የሚያውቃቸው ሰው ይናገር። እኔ ግን እዚሁ ደሴ ችሎት ላይ መሥሪያ ቤት ሲረታ አይቻለሁ። በብዛት የሚሸነፈው ማስረጃ ሳይዝ የመጣው ነው።

ቅደም ተከተሉን ጠብቁ እህቴ። መጀመሪያ የውስጥ ቅሬታና ይግባኝ። ደብዳቤውን ከከለከሏችሁ እንባ ጠባቂ ተቋም። ከዚያ ፍርድ ቤት፣ ፍትሕ የማግኘት መብትን በሚናገረው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37። ፍርድ ቤት የተያዘን ጉዳይ እንባ ጠባቂ አያይም፣ እንዳታገላብጡት። ፍርድ ቤቱም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ሥልጣን አለን ወይ?» የሚለውን ነው፤ ደንቡን ያነበበ ጠበቃ ይዛችሁ ግቡ። ካቃታችሁ ዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ነጻ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ።

የቧንቧ ውሃዋ፦
ዛሬ ጠዋት ገቢ አስደረግን። መዝገብ ቤቷ ልጅ መጀመሪያ «አለቃ ይምራበት» አለች። ወንድሜ ቆሞ ጠበቀ፣ እኔም ቆምኩ። ከሰዓት በኋላ ቁጥር ሰጠችን፣ ማኅተሙም አለ። ጋሼ፣ ስንት ኮፒ ላስነሳ?

ጡረተኛው ሳጅን፦
ሦስት። አንዱ ለጠበቃ፣ አንዱ ለእንባ ጠባቂ፣ አንዱ እናንተ ቤት። ዋናውን ለማንም እንዳትሰጪ፣ «ላየው» ቢልሽም።