የቤተሰብ ቴራፒ ድኅረ ምረቃ ሥልጠና፦ ረቂቁ ላይ እንነጋገር

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ለጋራ ፕሮፖዛላችን የቀረበው ረቂቅ አንደኛውን ዓመት በሙሉ ለቲዎሪ ሰጥቶታል። ሠልጣኞች ቤተሰብ የሚያዩት በሁለተኛው ዓመት ነው። ምን ትላላችሁ?

አሠልጣኝ፦ እኔ አልተዋጠልኝም። ስለ ቤተሰብ ቴራፒ ፈር ቀዳጆቹ ስለ ሚኑቺንና ስለ ቦወን ዓመቱን ሙሉ ያነበበ ሰው፣ እናት፣ አባትና ያኮረፈ ጎረምሳ ፊቱ ሲደረደሩ ግራ ይገባዋል። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ፣ ከአንድ ወገን ብቻ ከሚያሳየው መስታወት ጀርባ ተቀምጦ ይከታተል። የጣሊያኖቹ የሚላኖ ቴራፒስቶች ቡድን እኮ እንዲህ ነው የጀመረው፤ ሁለቱ ከቤተሰቡ ጋር፣ ሁለቱ ከመስታወቱ ጀርባ። ስለ ቴራፒ ውይይት አመራር በ1980 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጽሑፍም ከዚያ ክፍል የወጣ ነው።

ሱፐርቫይዘር፦ ልክ ነው። «ሱፐርቪዥን በወር ሁለቴ» የሚለውም ይብራራ። ምን ዓይነት ሱፐርቪዥን? ሠልጣኙ መጥቶ «እናትየው አትተባበርም» ይለኛል። ቪዲዮውን ስናየው ጥያቄውን ሁሉ ለአባትየው ነው የሚያቀርበው! ከመስታወቱ ጀርባ ሆኜ ብከታተል ግን ወደ ክፍሉ ስልክ ደውዬ «እስቲ ልጅቷን ጠይቃት፤ ወንድሟ ሲያኮርፍ ቀድሞ የሚጨነቀው ማነው?» እለዋለሁ። የክፍሉ አየር ወዲያው ይቀየራል። ስለዚህ «የቀጥታ ሱፐርቪዥን» ተብሎ ይጻፍ።

ሶሻል ወርከር፦ ቤተሰቡስ? ከመስታወት ጀርባ የማያውቁት ሰው ሲያያቸው ማን ደስ ይለዋል? ሳይካትሪስቱ ቶም አንደርሰን በ1985 እ.ኤ.አ. ኖርዌይ ውስጥ ነገሩን ገልብጦታል፤ ቡድኑ ሲወያይ ቤተሰቡ እንዲያይና እንዲሰማ አደረገ። እኛም እንደዚያ እናድርግ። ፈቃዱም በጽሑፍ ይሁን። ልጆቹም ይጠየቁ። ቪዲዮ አንፈልግም ያሉ አገልግሎቱን አይከልከሉ፤ መሃል ላይ ሐሳባቸውን ቢቀይሩም እንደዚያው።

አዲስ አባል፦ አንቀጽ ስድስት አስደንግጦኛል። የሦስት ትውልድ ጀኖግራም፣ ማለትም የራስን ቤተሰብ አባላትና ግንኙነታቸውን የሚያሳይ ሥዕል፣ ሠርቶ ማቅረብ፣ ከ20 ነጥብ። የቤተሰቤን ጉድ ለማርክ ብዬ ላወጣ ነው?

አሠልጣኝ፦ ሃሃ፣ እውነትሽን ነው። ሥራው ግን ይቅር አልልም። የራሱን ቤተሰብ ያልመረመረ ቴራፒስት ሳያውቀው ከአንዱ ወገን ይሰለፋል። ነጥቡ ይውጣ። የሚነገረውንም ሠልጣኙ ይምረጥ።

አስተባባሪ፦ እሺ፣ አራቱንም አስገባለሁ። አንቀጽ ሁለት ላይ ያለው የመግቢያ መስፈርት «በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ» ነው የሚለው። በዚሁ ይለፍ?

ሶሻል ወርከር፦ በፍጹም! ቤት ለቤት የሚዞሩት ነርሶችና ሶሻል ወርከሮች ውጭ ሊቀሩ ነው? ይኼ ካልተስተካከለ እኔ አልፈርምም።

ሱፐርቫይዘር፦ እኔም።

አስተባባሪ፦ ገባኝ። ለአንቀጽ ሁለት ሌላ አጻጻፍ ያላችሁ እስከ ዓርብ ላኩልኝ።