ዳፍ-2 ትሎቼ ሞታቸው ሳይመዘገብ እየጎደሉ ነው፤ ኤፍዩዲአር (መራባትን የሚያግድ መድኃኒት) ልጨምር?

የሲ. ኤሌጋንስን (በቤተ ሙከራ የሚረባ ጥቃቅን ክብ ትል) የዕድሜ ርዝመት እየለካሁ ነው። የማነጻጽረው ኤን2ን (መደበኛውን ዝርያ) ከዳፍ-2 (ጂኑ ተለውጦ ዕድሜው የረዘመ ሚውታንት፤ አሌሉ፣ ማለትም የጂኑ ለውጥ ዓይነት፣ ኢ1370) ጋር ሲሆን፣ ሁለቱም በ20 ዲግሪ ኢንኩቤተር ውስጥ፣ ኦፒ50 (ምግባቸው የሆነው ባክቴሪያ) በተዘራበት የ6 ሳንቲሜትር ኤንጂኤም (የአጋር ማሳደጊያ) ፕሌት ላይ ናቸው። ከእያንዳንዱ ዝርያ 120 ትል፣ በፕሌት 30። ዕድሜያቸውን በብሊች (አዋቂዎቹን አሟሙቶ እንቁላሉን በሚያስቀር ማጠቢያ) አመሳስያለሁ፤ እንቁላል መጣል እስኪያቆሙ በየቀኑ ወደ አዲስ ፕሌት አዛውራቸዋለሁ።

ችግሩ ዳፍ-2 ላይ ነው። እስከ 12ኛው የአዋቂነት ቀን 38ቱ ግድግዳ ወጥተው ደረቁ፣ 19ኙ ደግሞ እንቁላሉ ሆዳቸው ውስጥ ተፈልፍሎ ሞቱ። ከኤን2 የጎደሉት 11 ብቻ ናቸው። ሳንሰር ማድረግ (እስከጎደሉበት ቀን ብቻ መቁጠር) ቀላል ነበር፤ ግን ካፕላን-ማየር (የመኖር ኩርባ ማስያ ዘዴው) የጎደሉትና የቀሩት የመሞት ዕድላቸው እኩል ነው ብሎ ይነሳል። ሆዱ ውስጥ የተፈለፈለበት ትል ከሌላው ጋር እኩል ነው ለማለት ይከብደኛል። ግማሽ ያህሉ ጎድሎ የሚወጣ ኩርባም አላምነውም።

ባክቴሪያውን መሃል ላይ ብቻ ዘራሁ፣ ፕሌቶቹን ሁለት ቀን አደረቅሁ። በኢታኖል የሟሟ ፓልሚቲክ አሲድ (በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም) በዳር ዳሩ ቀባሁ፤ የሚወጡት ቀነሱ፣ ሆድ ውስጥ መፈልፈሉ ግን ያው ነው።

50 ማይክሮሞላር ኤፍዩዲአር ይህን እንደሚያስቆም አውቃለሁ። የሚያሰጋኝ ቲዩብ-1 እና ጋስ-1ን በመሳሰሉ ሚውታንቶች ላይ ራሱ መድኃኒቱ ዕድሜ ማራዘሙ ነው።

በዚህ አሌል የሠራችሁ፣ ከኤል4 (ከአዋቂነት በፊት ካለው የመጨረሻ የእጭ ደረጃ) ጀምሮ ሁለቱንም ዝርያ ኤፍዩዲአር ላይ ላድርግ ወይስ ያለ መድኃኒት የዳፍ-2ን መነሻ ቁጥር ልጨምር?