ልጄ ወደ ላይ ማየት አቃተው፤ ራጁ ግን ደህና ነው ተባለ

የበርበሬ ወንዝ እናት፦ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ኮምቦልቻ ነን። ትናንት ማታ ኳስ ሲጫወት የጓደኛው ክርን ዓይኑን መታው። ራጅ ተነሥቶ አልተሰበረም ተባልን። ዓይኑ አልቀላም፣ እምብዛም አላበጠም። ከጠዋት ጀምሮ ግን ያስታውከዋል፤ ቀና ሲል «ሁለት ሁለት ይታየኛል» ይላል። ሲቲ ስካን ታዞለት ነበር፤ ጨረሩን ፈራሁ። ጨረር የሌለው ኤምአርአይ አይሻልም?

የቦርከና ዳር፦ አብሽሪ እኅቴ፣ በረዶ ያዢለት። ትውከቱ የምግብ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆችን ያለ ጠባቂ ሜዳ የሚለቅ ወላጅ በዝቷል። በእኛ ጊዜ ጨዋታም ሥርዓት ነበረው።

የጦሳ ጥላ፦ ጋሼ፣ በእርስዎ ጊዜ ኳሱ የካልሲ ስለነበር ነው! እኅቴ፣ በረዶውን በጨርቅ ጠቅልይው።

ራጅ ክፍል የምሠራ፦ በረዶውን ተዉትና ስሙኝ። እኅቴ፣ ዓይኑ አለመቅላቱ አያዘናጋሽ። የዓይን ጉድጓድ ወለል ስስ አጥንት ነው። የልጅ አጥንት ስለሚለጠጥ ይሰነጠቅና እንደ ወጥመድ ተመልሶ ይገጥማል፤ ዓይንን የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ በስንጥቁ ይያዛል። ቀና ማለት የሚያቅተው፣ የሚያስታውከው፣ አንዳንዴም የልብ ምቱ የሚቀንሰው ለዚህ ነው። ይህን ተራ ራጅ ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። የሚያስፈልገው የዓይን ጉድጓዱ በስስ ቁራጭ ምስሎች የተነሣበት ሲቲ ስካን ነው፤ ፊት ለፊት የሚያሳየውም ምስል ይኑርበት። የጨረሩ መጠን ለልጅ ይስተካከላል፤ ከጨረሩ ይልቅ መዘግየቱ ይጎዳዋል። ኤምአርአይ ስስ አጥንት በደንብ አያሳይም፣ ረጅም ጊዜም ያስተኛዋል። ጡንቻው ከተያዘ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ይመከራል። ምናልባት ማደንዘዣ ስለሚያስፈልገው ምግብ አትስጪው፤ አፍንጫውንም አይናፈጥ።

የቦርከና ዳር፦ ራጅ ደህና ካለ ደህና ነው። ሰው አታስደንግጡ።

ራጅ ክፍል የምሠራ፦ ወንድሜ፣ ራጁን የማነሣው እኔ ነኝ።

የበርበሬ ወንዝ እናት፦ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት እየወጣን ነው። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና አለ ይሉኛል፤ በቀጥታ ወደዚያ እንሂድ?

ራጅ ክፍል የምሠራ፦ መጀመሪያ ደሴ ሪፈራል ድንገተኛ ክፍል። ትውከት ስላለው ጭንቅላቱም መታየት አለበት። ስትገቡ «ወደ ላይ ማየት አይችልም» በያቸው። እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም ራሱን ከሳተ ተራ አትጠብቂ።

የሐይቅ ልጅ፦ ይቅርታ፣ የእኔ ሴት ልጅ ደግሞ ሳትመታ ከቅንድቧ ጫፍ ትንሽ እብጠት አለባት፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ነው። እርሷም ሲቲ ያስፈልጋታል?

ራጅ ክፍል የምሠራ፦ እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ዴርሞይድ የሚሉት ከረጢት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአልትራሳውንድ ይጀመራል። ወደ ውስጥ የዘለቀ ከመሰለ ኤምአርአይ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በፍጥነት ካደገ ወይም ዓይኗን ወደ ውጭ ከገፋ ግን ዛሬውኑ አሳያት።

የጦሳ ጥላ፦ የኮምቦልቻዋ እኅታችን፣ ደረሳችሁ?