በልጄ ጓደኛ ካናቴራ ላይ ያየሁት ምልክት ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ከላይፕዚግ፣ ጀርመን፣ የአንድ ልጅ እናት

ጤና ይስጥልኝ። የ14 ዓመት ልጄ ሄቪ ሜታል የሚባለውን ሙዚቃ ይወዳል። ሰሞኑን ቤታችን የመጣ የክፍል ጓደኛው በለበሰው ጥቁር ካናቴራ ጀርባ ላይ፣ እንደ መብረቅ የተሰበሩ 12 ጨረሮች ያሉት ክብ፣ ከሥሩም 88 የሚል ቁጥር አየሁ። ልጄ «የባንድ ጌጥ ነው» ይላል። ለትምህርት ቤቱ ልንገር ወይስ ምንም በማያውቅ ልጅ ላይ ጣት መቀሰር ይሆንብኛል?

መልስ፦ ጊታር ወዳጅ

እህቴ፣ መጠራጠርዎ ተገቢ ነው። ክቡ ዛሬ «ጥቁር ፀሐይ» የሚባለው ሲሆን፣ ኤስኤስ የተባለው የናዚዎች ታጣቂ ድርጅት አዛዥ ሂምለር ባሳደሰው የቬቨልስቡርግ ቤተ መንግሥት ወለል ላይ የተነጠፈ ቅርጽ ነው። በላቲን ፊደል ተራ 8ኛው «ኤች» ስለሆነና የናዚ ሰላምታ የሆኑት «ሃይል ሂትለር» የሚሉት ሁለት ቃላት በዚያ ስለሚጀምሩ 88 የዚያ ሰላምታ ምስጢራዊ አጻጻፍ ሆኗል። የጀርመን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 86ሀ የናዚዎችን መስቀል ስዋስቲካን በአደባባይ ማሳየትን እስከ 3 ዓመት እስራት ስለሚያስቀጣ፣ አክራሪዎቹ ባንዶች የውስጥ ሰው የሚያውቀውን፣ ሌላው ግን እንደ ጌጥ የሚያልፈውን ምልክት ይመርጣሉ። ወጣቱ ግጥሙን ሳይሰማ በፊት ሥዕሉን ይወደዋል፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

መልስ፦ የበርሊኑ

በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ቶር የተባለው የጥንት የሰሜን አውሮፓ አምላክ መዶሻና የጥንት የሰሜን አውሮፓ ፊደላት በብዙ ንጹሕ የሜታል ባንዶች ዘንድም ስላሉ፣ በአንድ ምልክት ብቻ መፍረድ አይገባም። ስኪንሄድ (ፀጉራቸውን የተላጩ) የሚባለው የወጣቶች ባህል እንኳ በ1960ዎቹ መጨረሻ ለንደን ውስጥ ከጃማይካ ሙዚቃ ጋር ነው ያደገው፤ ዘረኞቹ በኋላ ሊወርሱት ሲሞክሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ኒው ዮርክ ውስጥ ፀረ ዘረኛ ስኪንሄዶች «ሻርፕ» የተባለ ቡድን መሥርተዋል። እዚህ ግን ሁለቱ ምልክቶች አብረው መገኘታቸው በአጋጣሚ ለማለት ይከብዳል።

መልስ፦ የወጣቶች አማካሪ

እመቤቴ፣ አስቀድመው ልጅዎን የባንዱን ስም ይጠይቁት፤ ፎቶውን ግን በዋትሳፕ አያሰራጩ። በየክፍለ ግዛቱ ቀኝ አክራሪነትን የሚመለከት ተንቀሳቃሽ የምክር አገልግሎት ስላለ፣ ከትምህርት ቤቱ በፊት እዚያ ማማከር ይችላሉ። ልጁንም አያባርሩት፤ እ.ኤ.አ. በ2011 «ኤክዚት ዶይችላንድ» የተባለው ድርጅት ጌራ ከተማ በተደረገ የቀኝ አክራሪዎች ኮንሰርት ላይ 250 ካናቴራዎች አሳድሎ፣ ሲታጠቡ በላያቸው የነበረው የራስ ቅል ሥዕል ለቅቆ «ካናቴራህ የቻለውን አንተም ትችላለህ» የሚል ጽሑፍና ከእንቅስቃሴው ለመውጣት የሚረዳ አድራሻ ብቅ ብሏል።

ጠያቂዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የባንዱን ስም ዛሬ ማታ እጠይቀዋለሁ፤ ነገ ለምክር አገልግሎቱ እደውላለሁ።